የሚያልቀውን ማን ይግዛ? ከትናንሽ ደሴት አገሮች ተምረን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሙያ ስልጠና ፈንድ የምናቋቁምበት መንገድ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። እኔ የብየዳ አሰልጣኝ ነኝ፣ ያደኩት ደሴ ነው ስራዬ ደሞ ኮምቦልቻ፣ ስለዚ ስንት ዓመት ጠዋት ሐረጎን (መሀላቸው ያለውን ዳገት) እየወረድኩ ማታ እየወጣሁ ነው የኖርኩት። ይሄን የምፅፈው ለአሰልጣኞች፣ ለዲኖች፣ ለፋብሪካ ኤችአሮች እና ከተማ አስተዳደር ውስጥ በጀት ለምትይዙ ሰዎች ነው።

ነገሩ እንዲህ ጀመረኝ። አንድ ኮሌጅ ውስጥ (ስሙ ይቆየን) 24 ልጆች ይዤ ብየዳ አሰለጥን ነበር። ማሽኖቹ አዳዲስ ናቸው፣ በፕሮጀክት የመጡ፣ ላስቲካቸው እንኳ በደንብ ያልተላጠ። ለወሩ የወጣልኝ ኤሌክትሮድ (ሲበየድ ቀልጦ የሚያልቀው ዘንግ) ግን ሁለት ፓኬት ነበር። ንብረት ክፍል ያሉትን ሽማግሌ ጋሼ ሌላ የለም ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ልጄ ሞዴል 22 (የእቃ ማውጫ ቅፁ) ላይ የተፈረመልህ ሁለት ነው አሉኝ፣ እሳቸው ምን ያርጉ። ልጆቹ ተሰልፈው አንዳንድ ኤሌክትሮድ ያቃጥሉና ከዛ ቁጭ ብለው የሌላውን ያያሉ። ከደጋን የምትመጣ አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ አንድ ቀን ቲቸር እኔ ሶስት ወር ሙሉ ያቃጠልኩት ተደምሮ ሃምሳ አይሞላም ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) ላይ እጄ ሊንቀጠቀጥ ነው አለችኝ። እውነቷን ነበር፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ አላለፈችም። እስካሁን ትዝ ስትለኝ ያመኛል።

ከዛ በኋላ ነው ሌላው አገር የሙያ ስልጠናን በምን ገንዘብ እንደሚያስኬድ ማንበብ የጀመርኩት። አንድ ነገር ነው የገባኝ፣ ማሽን የሚገዛ አይጠፋም፣ ህንፃ የሚያስመርቅም አይጠፋም፣ የጠፋው በየወሩ የሚያልቀውን የሚገዛ ነው። እና ይሄን ጥያቄ ከሁሉም በላይ የታገሉት ትናንሽ ደሴት አገሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ጀርመን ጥሩ ነው ይባላል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥር ስፍር የሌለው ድርጅት ባለበት አገር የሚሰራ ነገር እዚ አይገጥምም። ደሴት ላይ ቀጣሪው በጣት ይቆጠራል፣ እቃው በመርከብ ከሩቅ ስለሚመጣ ውድ ነው፣ አንድ ትልቅ ሆቴል ወይ ፋብሪካ ሲዘጋ አገሩ በሙሉ ይሰማዋል፣ የሰለጠነው ልጅ ደሞ ባህር ማዶ ይሄዳል። የኛ ታሪክ አይደል እንዴ ይሄ?

(የደሴቶቹን ዓመተ ምህረት በፈረንጅ ነው ምፅፈው፣ የኛን በኛ። እንዳትምታቱ።)

መጀመሪያ አንድ ሰልጣኝ ስንት እንደሚፈጅ እወቁ

ስለ ፈንድ ከማውራታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ብዙ ኮሌጅ በዓመት ስንት ብር እንደተመደበለት ያውቃል፣ አንድን ልጅ በያዥ እስኪባል ድረስ ለማብቃት ስንት እንደሚፈጅ ግን አስልቶ አያውቅም። ወጪውን ሶስት ቦታ ክፈሉት፣ አንደኛው ቋሚ እቃ ነው ማሽን ህንፃ ጀነሬተር፣ ሁለተኛው ደሞዝ፣ ሶስተኛው አላቂ እቃ። የመጀመሪያውን ዶነር (እርዳታ ሰጪ) ይወደዋል ምክንያቱም ፎቶ ይነሳበታል ሪባን ይቆረጥበታል። ሁለተኛውን መንግስት ይከፍለዋል። ሶስተኛው ባለቤት የለውም፣ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው ምክንያቱም ሲቀነስ ማንም ወዲያው አይጮህም፣ የሚጮኸው ምዘና ላይ የወደቀው ልጅ ነው እሱን ደሞ የሚሰማው የለም።

በኔ ሙያ እንዲህ ነው የምትሰሩት። አንድ ልጅ እጁ እንዲፀና በቀን ቢያንስ 20 ኤሌክትሮድ ያቃጥል እንበል፣ 25 ልጅ ካለ በቀን 500 ነው፣ ስልጠናው 60 የተግባር ቀን ካለው 30,000 ኤሌክትሮድ። ፓኬቱ ላይ ስንት ፍሬ እንዳለው ቆጥራችሁ አካፍሉት፣ ባለ 2.5 ሚሊው 5 ኪሎ ፓኬት ወደ 250 ፍሬ ገደማ ይይዛል፣ ስለዚ 120 ፓኬት መሆኑ ነው። እኔ በወር ሁለት ነበር የተሰጠኝ። በዛ ላይ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ የግራይንደር ዲስክ፣ መነፅር፣ ጓንት፣ መብራት ጨምሩበት። ከዛ ፒያሳ ወይ ኮምቦልቻ ካሉ ሱቆች ሶስት ፕሮፎርማ አምጡና ዋጋ ስጡት። ልብስ ስፌት ከሆናችሁ ጨርቅና ክር፣ ምግብ ዝግጅት ከሆናችሁ ዘይትና ስጋ ነው፣ ስራው ያው ነው። ለሰልጣኝ በነፍስ ወከፍ የሚወጣውን ቁጥር ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ማንም ፋብሪካ አይሰማችሁም፣ እመኑኝ፣ ቁጥር የሌለው ልመና ነው የሚመስለው።

ከዛ ኪሶቹን ለዩ

በዓለም ላይ የሙያ ስልጠና የሚከፈልባቸው ኪሶች አምስት ናቸው፣ መንግስት፣ ቀጣሪ፣ ሰልጣኙና ቤተሰቡ፣ ዶነር፣ እና ኮሌጁ ራሱ ሰርቶ የሚያገኘው የውስጥ ገቢ። ስድስተኛ የለም። ማንኛውንም አገር ስታዩ የትኛው ኪስ ስንቱን ይሸፍናል ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዛ የበለጠ ደሞ የትኛው ኪስ አላቂውን ይሸፍናል በሉ።

ከሰልጣኙ ላይ መጣል ቀላሉ መንገድ ይመስላል፣ ግን ቴክኒክና ሙያ የሚገባው አብዛኛው የድሃ ልጅ ነው። ፊጂ በ2014 የከፍተኛ ትምህርት ብድር ጀመረች፣ ተማሪው ተምሮ ስራ ሲይዝ የሚመልሰው፣ ያ ደሞ ብድሩን ተከታትሎ የሚያስከፍል ጠንካራ ስርዓት ይፈልጋል። የውስጥ ገቢ ጥሩ ነው፣ ኮሌጁ በርና መስኮት ሰርቶ ይሸጥ፣ ግን ገደብ አለው፣ ሰልጣኙ ትዕዛዝ ለማድረስ ሶስት ወር አንድ ዓይነት መስኮት ብቻ ሲበይድ ስልጠና መሆኑ ይቀርና ጉልበት ስራ ይሆናል። ይሄን በአይኔ አይቻለሁ። ስለዚ ዋናው ወሬ ያለው ቀጣሪው ኪስ ላይ ነው።

የቀጣሪው መዋጮ እንዴት እንደሚሰራ

ብዙ ደሴት አገሮች የስልጠና ሌቪ የሚባል ነገር አላቸው። ወሎዬ ለሆነ ሰው ይሄን ማስረዳት ከባድ አይደለም፣ ቅሬ (ሌላው ጋ እድር የሚባለው) ማለት ነው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ ገንዘቡ ለታሰበለት ነገር ብቻ ይወጣል፣ ዳኛው ለበዓል ልጠቀምበት አይልም፣ ለቅሶ የገጠመው ደሞ መብቱን ይጠይቃል። ሌቪ ላይ አዋጪው ቀጣሪ ነው፣ ለቅሶው ስልጠና ነው።

ጃማይካን እዩ። ህዝቧ ከ3 ሚሊዮን አይሞላም። በ1982 ሀርት ትረስት የሚባል የስልጠና ተቋም በህግ አቋቋመች፣ ቀጣሪ ከሚከፍለው ጠቅላላ ደሞዝ ላይ 3 ፐርሰንት ለዚህ ተቋም ይገባል። ከሰራተኛው ደሞዝ አይቆረጥም፣ ቀጣሪው ላይ ነው። ገንዘቡን ለመሰብሰብ ሌላ መስሪያ ቤት አልከፈቱም፣ የገቢ ግብርና የጡረታ መዋጮ በሚገባበት በዛው ወርሃዊ ቅፅ አብሮ ይሰበሰባል፣ ይሄ ትልቅ ብልሃት ነው ምክንያቱም ትንሽ አገር ለአንድ መዋጮ ብቻ ሰብሳቢ ቀጥሮ መኖር አይችልም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ትንንሾቹ እንዳይጎዱ ተብሎ በወር በጠቅላላው ከ14,444 የጃማይካ ዶላር በታች ደሞዝ የሚከፍል ነፃ ነው ተባለ። ድሮ ያ ገንዘብ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ 100 የአሜሪካን ዶላር እንኳ አይሞላም፣ ስለዚ አንድ ሰው የቀጠረ ሱቅ ሁሉ ከፋይ ውስጥ ይገባል። ቁጥሩን በብር ቆርጠው ካስቀመጡት የዋጋ ንረት ይበላዋል ማለት ነው። እኛ አገር ብር ምን እንደሆነ ስለምታውቁ አልዘረዝረውም፣ የናንተ ደንብ ላይ ግን የሰራተኛ ቁጥር ፃፉ እንጂ ብር አትፃፉ።

ፊጂ ከሷም ትቀድማለች፣ በ1973 ነው ህጉን ያወጣችው፣ 1 ፐርሰንት። የፊጂ ለየት የሚለው ቀጣሪው ራሱ ሰራተኛውን ካሰለጠነ ማስረጃ አቅርቦ ከከፈለው ላይ ማስመለስ ይችል ነበር። ስለዚ መዋጮው ቅጣት አይመስልም ነበር፣ ያሰለጠነ ይመለስለታል ያላሰለጠነ የሌላውን ስልጠና ይደግፋል። የሚያስተዳድረው አካል በ2010 ወደ ፊጂ ናሽናል ዩኒቨርሲቲ ስር ገባ። ሞሪሸስም እንደዛው ነች፣ ከደሞዝ ላይ የሚሰላ የስልጠና ሌቪ አላት፣ በ2003 በወጣ ህግ የሰው ሀብት ልማት ካውንስል የሚያስተዳድረው፣ ቀጣሪው እውቅና ባለው ኮርስ ካሰለጠነ ከወጪው የተወሰነውን ይመልሱለታል። ሲንጋፖር ሀብታም ናት ግን ደሴት ናት፣ በ1979 ሌቪውን ስትጀምር በዝቅተኛ ደሞዝተኞች ላይ ብቻ ነበር የጣለችው፣ ሀሳቡ ርካሽ ጉልበት ይዘህ አትቀመጥ አሰልጥነው የሚል ነው። አሁን 0.25 ፐርሰንት ነው፣ ለአንድ ሰራተኛ በወር ቢያንስ 2 ዶላር ቢበዛ 11.25 ዶላር በራሳቸው ገንዘብ። ከዛ ደሞ ዜጋው 25 ዓመት ሲሞላው ለኮርስ ብቻ የሚያወጣው 500 ዶላር ሂሳቡ ላይ ይገባለታል፣ ከ2016 ጀምሮ።

ይሄን ወደ ብር አምጡት እስቲ። ወርሃዊ ፔሮሉ (ለሰራተኛ የሚከፍለው ጠቅላላ ደሞዝ) 1,000,000 ብር የሆነ ፋብሪካ በጃማይካ ስሌት 30,000 ብር፣ በፊጂ 10,000፣ በሲንጋፖር 2,500 ይከፍላል ማለት ነው። ቅድም ካሰላችሁት የአላቂ እቃ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ስንት ፋብሪካ ስንት ክፍል ሰልጣኝ ሊያኖር እንደሚችል ወዲያው ይታያችኋል፣ እኔ መጀመሪያ ያሰላሁ ቀን እንቅልፍ ነው ያጣሁት።

ግን ሌቪ ባለበት ሁሉ የሚታወቅ አንድ በሽታ አለ። ትልቁ ሆቴል የራሱ የስልጠና ክፍል አለው፣ ፎርም የሚሞላ ሰው አለው፣ የከፈለውን ያስመልሳል። አምስት ሰው ያለው ጋራዥ ግን ይከፍላል፣ ፎርሙን የሚሞላበት ጊዜ የለውም፣ ሰራተኛውን ለሶስት ቀን ኮርስ ቢልክ ስራ ይቆምበታል፣ ስለዚ ምንም አያስመልስም። በመጨረሻ ትንሹ ትልቁን ሲደግፍ ይገኛል። ይሄን ከጅምሩ ካልዘጋችሁት ፈንዱ በሁለተኛ ዓመቱ ጥላቻ ያተርፋል። መፍትሄው ከባድ አይደለም፣ ለትንንሾቹ ብር አትመልሱ፣ አሰልጣኝ ላኩላቸው፣ ማታ ወይ እሁድ ከሰዓት እዛው ጋራዡ ውስጥ።

ደሞዝ በሌለበትስ?

እዚ ጋ ነው ደሴና ኮምቦልቻ የሚለያዩት። ሁለቱን 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው የሚለያቸው፣ ስለ ገንዘብ ሲወራ ግን ሁለት የተለያየ ደሴት ናቸው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ፣ በሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ማለትም ፔሮል አለ። ሞሪሸስን ወይ ፊጂን ትመስላለች። ደሴ ግን ንግድ ነው፣ ሆቴል ነው፣ ትራንስፖርት ነው፣ የመንግስት ቢሮ ነው፣ ሰኞ ገበያ ነው። ትልቅ ከተማ ናት ግን አንድ ላይ ተሰብስቦ የሚቆጠር ደሞዝ ያለው መንግስት ጋ ነው። መንግስት ላይ ሌቪ ብትጥሉ ደሞ ገንዘቡ ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ነው የሚሄደው።

ቱቫሉ እንደዛ ናት። ጠቅላላ ህዝቧ 10 ሺ ገደማ ነው፣ አንድ ቀበሌ በሉት። ዋናው ቀጣሪ መንግስት ነው፣ ከምን ላይ ሌቪ ትሰበስባለች። እንዲህ ያሉት በሶስት መንገድ ነው የሚኖሩት።

አንዱ ዶነር ነው። አውስትራሊያ በ2007 ለፓሲፊክ ደሴቶች የጋራ የቴክኒክ ኮሌጅ ከፈተች፣ ፊጂ ሳሞአ ቫኑአቱ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ላይ ማሰልጠኛ ያለው፣ ከሌሎቹ ደሴቶች ልጆች በስኮላርሺፕ እየመጡ የአውስትራሊያ ደረጃ ሰርተፊኬት ይዘው የሚወጡበት። ጥራቱ ከፍ ያለ ነው፣ ኤሌክትሮድም አያጥራቸውም። ግን የገንዘቡ ውሳኔ ሌላ ከተማ ነው፣ እዛ መንግስት ሲቀየር ፕሮጀክት ሲታደስ እዚ ልብ ይመታል። ዶነር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ዓለም ባንክም ለኢትዮጵያ ለኬንያና ለታንዛኒያ ኮሌጆች ትልቅ ፕሮጀክት ይዞ መጥቶ ነበር፣ እንዲህ ያለው ሲመጣ ተጠቀሙበት። የፕሮጀክቱ መዝጊያ ቀን ግን ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ከዛ ቀን በኋላ ኤሌክትሮዱን ማን ይገዛል የሚለውም አጠገቡ ይፃፍ።

ሁለተኛው መንገድ ለኔ ከሁሉም ያስተማረኝ ነው። ኪሪባቲ የምትባል የፓሲፊክ ደሴት አገር ከ1967 ጀምሮ የመርከበኞች ማሰልጠኛ አላት፣ ታራዋ ላይ። እዛ የሰለጠኑት ልጆች ለብዙ ዓመት የጀርመን ባለቤቶች መርከብ ላይ ነበር የሚቀጠሩት፣ እና እነዚህ የመርከብ ኩባንያዎች ተሰባስበው ማሰልጠኛውን ከመንግስትና ከዶነር ጋር ሆነው ደገፉት፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልጉ ነገሩት፣ የጨረሰውን ወሰዱት። ልጆቹም ከመርከብ ላይ ለቤተሰብ ብር ይልካሉ። ቀጣሪው ባህር ማዶ ቢሆንም የስልጠናው ወጪ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው! ወሎ ላይ ይሄን አስቡት። ስንት ልጅ ነው ከደሴ ከከሚሴ ከባቲ ዙሪያ አረብ አገር የሚሄደው። በኛ 2008 የወጣው የውጭ አገር ስራ ስምሪት አዋጅ 923 የሚሄደው ሰው የሙያ ብቃት ምዘና የያዘ እንዲሆን ያዛል። ታዲያ ያን ስልጠና የሚሸፍነው ማን ነው? ኮሌጁ። የሚወስደው ማን ነው? ኤጀንሲውና ባህር ማዶ ያለው ቀጣሪ። ኪሪባቲ ይሄን ሁለቱን አገናኘችው፣ እኛም ከኤጀንሲዎች ጋር ቁጭ ብለን በአንድ ሰልጣኝ ይሄን ያህል አላቂ እቃ ትሸፍናላችሁ ማለት እንችላለን። አደጋው ደሞ ይታወቅ፣ በፈረንጅ ከ2008ቱ የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የመርከብ ስራው ሲቀዘቅዝ የኪሪባቲም የቱቫሉም መርከበኞች ቅጥር ወረደ። አንድ ቀጣሪ ላይ ብቻ መንጠልጠል እንዲህ ነው።

ሶስተኛው ቫኑአቱ ነው፣ አጭር ነገር ነው። አገሩ ብዙ የተበታተነ ደሴት ስለሆነ በአውስትራሊያ ድጋፍ የክፍለ ሀገር የስልጠና ማዕከላት አቋቋሙ፣ ማዕከሎቹ ትልቅ ህንፃ ይዘው ሰልጣኝ የሚጠብቁ አይደሉም፣ አሰልጣኙንና እቃውን ሰው ያለበት ይወስዳሉ። ህንፃ ሳትሰራ ያተረፍከው ገንዘብ አላቂ እቃ ይሆናል። ደሴ ዙሪያ ላሉት ወረዳዎች፣ ለኩታበር ለተንታ፣ ይሄኛው ነው የሚያዋጣው።

እኛ ጋ ስታመጡት

አንድ ስህተት አትስሩ፣ ግዴታ መዋጮ በአዋጅ ነው የሚጣለው እንጂ በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አይጣልም። ከተማው ሌቪ ይጣል ብላችሁ ደብዳቤ ብትፅፉ እዛው መዝገብ ቤት ይቀራል። በስምምነት ጀምሩ። የትብብር ስልጠና የሚባለው፣ በፖሊሲ 70 በ30 የምንለው፣ ሰልጣኙ አብዛኛውን ተግባር ድርጅት ውስጥ እንዲሰራ ያስገድዳል፣ ስለዚ ፋብሪካው ጋ የምትገቡበት በር አስቀድሞ አለ። በዛ በር ስትገቡ ስምምነቱ ላይ የገንዘብ አንቀፅ ጨምሩ። አሁን ያለው ስምምነት ብዙ ጊዜ ድርጅቱ ይተባበራል ብሎ ያልፋል፣ ይተባበራል ማለት ምንም ማለት ነው።

አንቀፁ ላይ ምን ይፃፍ? በወር ስንት፣ በምን ቀን፣ በገንዘብ ወይስ በእቃ። በእቃ ቢሆን ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቁራጭ ጨርቅ አለው፣ ብረታ ብረቱ ቁርጥራጭ ላሜራ አለው፣ ለነሱ ትርፍራፊ ነው ለኛ የሶስት ወር ስልጠና ነው። በእቃ ሲመጣ ግን በሞዴል 19 (የእቃ መቀበያ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፣ ያለ ሞዴል የገባ እቃ ነገ ጣጣ ያመጣል ስጦታ የሰጠውንም ሰው ያሳፍራል።

በገንዘብ የሚገባው ደሞ ለብቻው ሂሳብ ይከፈትለት፣ እዚች ጋ ጠንከር በሉ። ከመንግስት በጀት ጋር ከተቀላቀለ ሰኔ 30 ላይ ያልተጠቀማችሁበት ተመላሽ ነው፣ ከዛ ሐምሌና ነሐሴ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ልጆቹ ባዶ ወርክሾፕ ውስጥ ይቀመጣሉ። የደሴቶቹ ፈንዶች በራሳቸው ህግ የቆሙበት ዋና ምክንያት ይሄ ነው፣ ገንዘቡ ከግምጃ ቤቱ እንዲለይ። ፈራሚ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ከኮሌጁ አንዱ ከቀጣሪዎቹ። ኮሚቴው ላይ ቀጣሪዎች በቁጥር ይብለጡ፣ ዲኖች ቅር ሊላችሁ ይችላል አውቃለሁ፣ ግን ገንዘቡን ያዋጣ ሰው ድምፅ ከሌለው በሶስተኛው ወር ስልክ አያነሳም። እና ደንቡ ላይ አንዲት መስመር ትግባ፣ ከዚህ ሂሳብ ለአበል፣ ለነዳጅ፣ ለስብሰባ ሻይ፣ ለህንፃ አይወጣም። ለአላቂ እቃ ብቻ። ሰው ይስቅባችሁ ይሆናል፣ ተዉት ይሳቅ።

ለኮሌጁ የሚሰጠውን በተመዝጋቢ ቁጥር አታርጉት፣ እንደዛ ከሆነ መስከረም ላይ 60 ልጅ ተመዝግቦ ጥር ላይ 20 ይቀራል ብሩ ግን ወጥቷል። ግማሹን ስልጠና ሲጀመር ግማሹን ልጁ ተመዝኖ ስራ ሲይዝ ብታረጉት ይሻላል። በውጤት ብቻ ብትከፍሉ ደሞ ኮሌጁ ደካማ ልጆችን ላለመቀበል ይሞክራል፣ ያቺ የደጋን ልጅ በሩ ላይ ትቀራለች፣ ስለዚ ግማሽ በግማሽ ነው የኔ ሃሳብ።

ለክፉ ቀን

በ2017 ማሪያ የምትባል አውሎ ነፋስ ዶሚኒካ የምትባለውን የካሪቢያን ደሴት መታቻት፣ በአንድ ሌሊት የደረሰው ጉዳት የአገሪቱን የዓመት ጠቅላላ ምርት 226 ፐርሰንት ነበር። እንዲህ ሲሆን ትምህርት ቤቱም ወርክሾፑም ቀጣሪውም እኩል ነው የሚወድቀው፣ ሌቪ የሚከፍል የለም በጀትም የለም፣ ግን ቤቱን መልሶ የሚሰራ አናፂና ኤሌክትሪሺያን ከምንጊዜውም በላይ የሚፈለገው ያኔ ነው። እኛ አውሎ ነፋስ የለብንም፣ በ2014 ግን ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ፋብሪካም ኮሌጅም እንዴት እንደተዘረፈ ሁላችሁም አይታችኋል፣ ገመዱ ሳይቀር ከግድግዳ ተነቅሎ። ሞሪሸስ ደሞ ያለ አውሎ ነፋስም ተመታለች፣ በ1970 የኤክስፖርት ዞን ህግ አውጥታ በጨርቃ ጨርቅ ቆማ ነበር፣ 2005 ላይ የዓለም የጨርቅ ኮታ ሲነሳ ብዙ ፋብሪካ ተዘጋ። እኛም ከጥር 2022 በፈረንጅ ጀምሮ ከአጎዋ (አሜሪካ ያለ ቀረጥ እቃ ከምንሸጥበት እድል) ስንወጣ ፓርኮቻችን ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ሰው በጣም የሚበተነውና አዲስ ሙያ መማር የሚፈልገው ፋብሪካ ሲዘጋ ነው፣ መዋጮው የሚደርቀውም ያኔ ነው።

ስለዚ ከሚገባው ላይ በየወሩ የሆነ ነገር አስቀሩ፣ እኔ ከመቶ አስር እላለሁ፣ ቢያንስ አንድ ክፍል ለስድስት ወር ሊያሰለጥን የሚችል እስኪሆን። ከአንድ ዘርፍ ብቻ አትሰብስቡ፣ ጨርቁ ሲወርድ ቢራውና ሆቴሉ ይይዛል። ደሴ ያሉ ሆቴሎችም ይግቡበት፣ የኮምቦልቻ ነው አይበሉ።

የመጀመሪያው ስብሰባ

ፋብሪካ ስትሄዱ ከኤችአር በፊት ፕሮዳክሽን ክፍል ያለውን ሰው አግኙ። እሱ ነው አዲስ የተቀጠረ ልጅ እስኪለምድ ስንት ጨርቅ ስንት ብረት እንደሚያበላሽ የሚያውቀው። እኔ አንዱን ወንድሜ አዲስ ልጅ ስንት ቀን ይፈጅብሃል ብዬ ስጠይቀው ሳያስብ ሁለት ወር አለኝ፣ የሁለት ወር ደሞዝና የሁለት ወር ብልሽት። ያንን በብር አስላልኝ አልኩት፣ አስልቶ ዝም አለ፣ ከዛ ራሱ ነው ኤችአር ቢሮ የወሰደኝ። አሁንም ለሰልጣኝ በሚወጣው ገንዘብ ላይ ሳይሆን አዲስ ቅጥር በሚያበላሸው ላይ ነው ወሬውን የምጀምረው።

ይዛችሁ የምትሄዱት ሶስት ወረቀት ነው። አንደኛው ቅድም ያሰላችሁት የአንድ ሰልጣኝ አላቂ ወጪ፣ ከነፕሮፎርማው። ሁለተኛው ባለፈው ዓመት ስንት ተመዘነ ስንት አለፈ፣ ውጤቱ መጥፎ ቢሆንም እንዳትደብቁት፣ መጥፎነቱ ነው ለምን እንደመጣችሁ የሚናገረው። ሶስተኛው አንድ ገፅ የማይሞላ የስምምነት ረቂቅ፣ መጠኑ የሚፃፍበት ቦታ ባዶ ሆኖ፣ ቁጥሩን እነሱ ይሙሉት። በሶስት ድርጅት ጀምሩ አስር አትጠብቁ። አንድ ሙያ ብቻ ምረጡ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ዙር። በየወሩ መጨረሻ ላይ የገባውን፣ የወጣውን፣ የስንት ልጅ እጅ ላይ እንደደረሰ በአንድ ወረቀት ፅፋችሁ ወርክሾፑ በር ላይ ለጥፉት፣ ለከፋዮቹም ኮፒ ላኩ፣ ሰልጣኞቹም ያንብቡት፣ ምክንያቱም ዛሬ ስንት ኤሌክትሮድ ደረሰኝ የሚለውን ከነሱ በላይ የሚቆጥር የለም።